ህዋስ የሚወገደውን ፕሮቲን የሚለይበትን መንገድ በሥዕል እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

ጅማ ውስጥ የባዮሎጂ ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ተማሪው በሚወገደው ፕሮቲን ላይ ዩቢኪቲን የተባለውን ምልክት የሚለጥፉትን የሦስቱን ኢንዛይሞች (ኢ1፣ ኢ2 እና ኢ3) ስም በቃሉ ይወጣዋል፤ «ህዋሱ ይህን ፕሮቲን ትቶ ያንን የሚያፈርሰው በምን ለይቶ ነው?» ሲባል ግን ዝም ይላል። መልሱ ያለው ሦስተኛው ኢንዛይም ላይ ስለሆነ ሥዕሉም ለእሱ ማድላት አለበት።

ሰፊ ወረቀትና ባለቀለም እርሳሶች ይበቃሉ። በስልክ የሚታዩት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ያምራሉ፤ እኔ ግን ተማሪው በእጁ የሳለውን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ ዩቢኪቲንን በትንሽ ክብ ይሳሉ፤ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ነው። ኢ1 ለህዋስ ኃይል በሚሰጠው ሞለኪውል በኤቲፒ ጉልበት ይይዘውና ለኢ2 ያቀብለዋል። ለዚህ አንድ ቀስት በቂ ነው።

ቀጥሎ ኢ3ን፣ ማለትም አያያዡን ኢንዛይም ላይጌዙን፣ አግዝፈው ይሳሉት። በሰው አካል ኢ1 ሁለት፣ ኢ2 ወደ 40 ሲሆኑ ኢ3 ግን ከ600 ይበልጣል፤ እያንዳንዱ የራሱን ዒላማዎች ለይቶ ያውቃልና። በአንድ ጎኑ ኢ2ን፣ በሌላው ዒላማውን ይይዛል። ብዙዎቹ ላይጌዞች ዩቢኪቲኑን ራሳቸው አይሸከሙም፤ ሁለቱን ያቀራርባሉ፣ ዩቢኪቲኑም ከኢ2 በቀጥታ በዒላማው ላይ ወዳለ ላይሲን ወደተባለ አሚኖ አሲድ ይሻገራል። ቀስቱ በኢ3 ሆድ ውስጥ አልፎ ከተሳለ ያስተካክሉት። ሄክት የሚባሉት ላይጌዞች ብቻ ናቸው፣ ከጥቂት ሌሎች ጋር፣ መጀመሪያ ተቀብለው የሚያስተላልፉት።

አሁን ምሳሌ ያሳዩ። በፕላስቲክ ከረጢት የበቀለ የቡና ችግኝ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣለት ወደዚያው ይጎብጣል። በጥላው በኩል ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ይበዛል። ሆርሞኑ ቲር1 በተባለው የላይጌዙ ክፍል ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ላይጌዙን የእድገት ጂኖችን ካፈነው ፕሮቲን ጋር ያጣብቃል። አፋኙ ምልክት ተደርጎበት ይፈርሳል፣ ጂኖቹ ይሠራሉ፣ በዚያ በኩል ያሉት ህዋሶች ይረዝማሉ፤ ግንዱም ይጎብጣል።

አንድ ክብ ብቻ ስለው አይለፉ። ለመፍረስ የሚያበቃው የተለመደው ምልክት በላይሲን 48 (በዩቢኪቲኑ 48ኛ አሚኖ አሲድ) የተያያዘ፣ አራትና ከዚያ በላይ ክቦች ያሉት ሰንሰለት ነው።

በመጨረሻ ምልክት የተደረገባቸውን ፕሮቲኖች የሚያፈርሰውን ፕሮቲያዞም በበርሜል ቅርጽ ይሳሉ። ዒላማው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዩቢኪቲኖቹ ግን ደጃፉ ላይ ተላቀው ለሌላ ጊዜ ያገለግላሉ። ከዚያ ኦክሲኑን በላጲስ ያጥፉና የትኛው ፕሮቲን ሳይፈርስ እንደሚቀር ተማሪውን ይጠይቁ።