የአንጀት አውታሮቻችን ቅኝት መውረዱን እንዴት እንዳቆምነው
በቪየና ይሠራ የነበረውን የሙዚቃ ደራሲ የፓውል ቭራኒትስኪን (1756–1808) የአውታር ኳርቴት (ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፈ ሙዚቃ) ስንለማመድ፣ መሣሪያዎቻችንን ከእንስሳ አንጀት በተሠራ አውታር፣ «ላ» የተባለውን ኖታ በ430 ኸርዝ ቃኝተን ብንጀምርም የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ቅኝቱ ይወርድብን ነበር። አንጀት፣ የበገና ደርዳሪዎች እንደሚያውቁት፣ የአየሩን እርጥበት ስለሚስብና አዲስ ሲሆን ለቀናት ስለሚለጠጥ፣ አውታሮቹን ከዝግጅቱ አምስት ቀን ቀድመን ቀየርን፤ መሣሪያዎቹንም አንድ ሰዓት ቀደም ብለን ከሣጥናቸው አውጥተን አዳራሹ ውስጥ አቆየናቸው። ከሁሉ የጠቀመን ግን ትንሹ ነገር ነው፦ አውታሩ በሚያልፍበት የአንገት ጫፍ ቦይ ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ስንቀባ፣ አውታሩ እየተያዘ በድንገት መዝለሉን ተወና መቃኛውን በጥቂቱ ማዞር በቂ ሆነ። ይህ ሙዚቃ ድካሙ ይገባዋል እላለሁ፤ የቪዮላው ድምፅ አሁን ሳይሸፈን ይሰማል።