«ዘጠኝ ሰዓት ነው ያላችሁኝ»፦ የአፕ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የምርጥ ዘር መመዝገቢያ አፕ ሠርቻለሁ። ገበሬው በስልኩ ይመዘገባል፣ ተራው ሲደርስ ሜሴጅ ይገባለታል፣ መጥቶ ስንዴውን ይወስዳል። በቃ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ወር ግን ስልኬ ዕረፍት አጣ። ቢሮ ያሉት ልጆች ለሁሉም ችግር አንድ መልስ ነበራቸው፦ «ሰዉ አልገባውም፣ ስልጠና ይሰጠው።» እኔም ለጥቂት ሳምንታት አምኜ ነበር። ከዚያ ወንበር ስቤ ከሚመዘገቡት ሰዎች ጎን ተቀመጥኩ።

ያየሁትን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። ጥፋቱ ሁሉ የራሴ ነው። አፕ ወይም ፎርም የምትሠሩ ከሆነ ግን አንዱ ወይም ሁለቱ እናንተም ጋ ሳይኖር አይቀርም።

ሰዉ በቀጠሮው ሰዓት አይመጣም

አንድ ከመሐል ሜዳ የመጡ አባት የመጋዘኑ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። መጋዘኑ ከሰዓት በኋላ አይሠራም። ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ። «ቀጠሮዎ 9:00 ነው» ይላል።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው ያላችሁኝ፣ ልጄ። ይኸው ዘጠኝ ሰዓት።»

ሰዓቴን አየሁ። እውነትም ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእኔ ሰርቨር (አፑን ከጀርባ የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር) ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቱ ነበር። ዘመድ ቤት አድረው በማግስቱ ወሰዱ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰርቨሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ እኛ ከንጋት። 6 ሰዓት ይለያየናል። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። «9/12» የሚል ጽሑፍ ላይ ዘጠኙ ወር ነው ወይስ ቀን? ወር ከሆነስ ግንቦት ነው ወይስ ሴፕቴምበር? የአጠቃቀም ቅለት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ1994 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 10 የንድፍ መመሪያዎች ሁለተኛው ይህንኑ ይላል፦ ሲስተሙ በተጠቃሚው ቋንቋና ልማድ ይናገር። እኔ መመሪያውን ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ሰዓትም ቋንቋ መሆኑ ግን አልመጣልኝም ነበር።

መፍትሄው፦ ውስጥ ላይ ሰዓቱን በአንድ ወጥ መንገድ አስቀምጡት። ለሰው ሲታይ ግን «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉት። ሁለት ነጥብና ዜሮ ዜሮ አያስፈልግም። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ሁልጊዜ አብሮ ይሁን። ወሩን በስሙ ጥሩት። ዓመቱን ደግሞ «ከፈረንጁ 8 እቀንሳለሁ» እንዳትሉ፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። ስሌቱን ራሳችሁ አትጻፉት። የዛሬ ዘመን ብራውዘሮች የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃሉ፣ ለእነሱ ተዉት።

የእኔ የወር መምረጫ 12 ወር ብቻ ነበረው። ጳጉሜን የተወለደ ሰው እኔ አፕ ላይ ገና አልተወለደም ማለት ነው። ደግሞስ ለስንዴ ዘር የልደት ቀን ምን ይሠራል? አወጣሁት። ከችግሮቹ ሁሉ በቀላሉ የተፈታው እሱ ነው።

ሳይፈልጉ ምዝገባቸውን ያጠፋሉ

ይህን ለማመን ሁለት ጊዜ ማየት ነበረብኝ። አንዲት እናት ስክሪኑን ድምፅ አውጥተው ቀስ ብለው ያነባሉ። «ምዝገባውን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፦ «እሺ» እና «ሰርዝ»።

«መሰረዝስ አልፈልግም» አሉና «እሺ»ን ነኩ። ምዝገባቸው ጠፋ።

ልክ ነበሩ። መሰረዝ የማይፈልግ ሰው «ሰርዝ» የሚለውን እንዴት ይነካል? በተቃራኒው ማጥፋት የፈለገ ሰው «ሰርዝ» ሲል ምንም አይሆንም፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ጉድ የፈጠረው የእኔ ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛው «ተወው» እና «አጥፋው» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እኔ ሁለቱንም «ሰርዝ» ብያቸዋለሁ። ስልካችሁን በአማርኛ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ ይህ ግራ መጋባት እኔ ጋ ብቻ ያለ አይደለም።

መፍትሄው፦ ቁልፉ የሚሠራውን ሥራ ራሱ ይናገር። አሁን «ምዝገባዬ ይጥፋ» እና «ይቆይ» ይላሉ። ጥያቄውን ሳያነብ ቁልፉን ብቻ ያየ ሰውም አይሳሳትም። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ መመለስ መቻል ነው። የጠፋው ምዝገባ ለ24 ሰዓት «ይመለስልኝ» ከሚል ቁልፍ ጋር ይቆያል። «እርግጠኛ ነዎት?» እያሉ ሰውን ከማድከም ስህተቱን እንዲመልስ መፍቀድ ይበልጣል።

እኚያው እናት አንድ ጨመሩልኝ። «ደግሞ ማንን ነው ‹ሰርዝ› የሚለው?» አሉ። ሳቅኩ፣ ግን እውነታቸውን ነው። የልጅ ልጅ ያላቸውን ሴት ስልኩ «አንተ» እያለ ያዛል። እንግሊዝኛው ይህ ጣጣ የለበትም፣ የእኛ ግሥ ግን ያለ አንተ፣ አንቺና እርስዎ አይንቀሳቀስም። ሁሉንም ወደ «ይላኩ»፣ «ይመለሱ» ቀየርኩት።

አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል

አንድ ኩንታል የጠየቀው ሰው ሦስት ኩንታል ተጽፎለታል። ቢሮው «ስግብግብነት ነው» ብሎ ነበር።

ምክንያቱ ዝምታ ነው። ወደ ጣርማ በር አካባቢ ኔትወርኩ ሲደክም «ይላኩ» ከተነካ በኋላ አራት አምስት ሰከንድ ስክሪኑ ላይ ምንም አይለወጥም። በር አንኳኩታችሁ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ካልተሰማ ምን ታደርጋላችሁ? ደግማችሁ ታንኳኳላችሁ።

በዚህ ላይ የታወቁ ልኬቶች አሉ። እስከ 0.1 ሰከንድ የሚመጣ ምላሽ ለሰው ወዲያው እንደሆነ ነው። እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱ ይታወቃል፣ ሐሳቡ ግን አይቆረጥም። 10 ሰከንድ ካለፈ ልቡ ሌላ ቦታ ሄዷል። ስለዚህ ቁልፉ እንደተነካ ቀለሙ ይቀየር፣ «እየተላከ ነው» ይበል፣ እስኪጨርስም ዳግመኛ አይነካ። ሰርቨሩም ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ያው ቁጥር ደግሞ ከመጣ አይመዝግበው።

ጣታቸው ሌላ ቦታ ያርፋል

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የታኅሣሥን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። የስልክ ስክሪን የጣትን ኤሌክትሪካዊ ባሕርይ ነው የሚያነበው። ተራ ጓንት ያጠለቀ እጅ አይሰማውም፣ በሥራና በብርድ የደረቀ ጣትም ያስቸግረዋል። ይህን አፕ አያስተካክለውም። የቁልፉን መጠን ግን ያስተካክላል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ፊትስ በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ ዒላማው ሲያንስና ሲርቅ እጅ ለመድረስ ይዘገያል። አንድሮይድ ቁልፍ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲሆን ይመክራል። የእኔዎቹ አምስት አይሞሉም ነበር። ለማማር ብዬ ነው። «ይጥፋ» የሚለው ደግሞ ከ«ይላኩ» ጎን ተጣብቆ ነበር፤ አሁን ስክሪኑ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው።

ፎርሙ ስማቸውን አይቀበልም

«የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ነበረኝ። ባልና ሚስት በየአባታቸው ስም በሚጠሩበት አገር ምን ይጻፍበት? ሌላው ጥፋቴ ስሙን በክፍት ቦታ መቁረጤ ነው። «ወልደ ጊዮርጊስ» የሚባል ሰው «ውድ ወልደ» የሚል ሜሴጅ ደርሶታል። መፍትሄው አንድ ረዘም ያለ ሳጥን ነው፦ «ሙሉ ስም እስከ አያት»። ስሙን አትቁረጡት።

ተመዝግበው ሳለ ሲፈለጉ አይገኙም

«ኃይሉ» ብሎ የተመዘገበን ሰው ጸሐፊዋ «ሀይሉ» ብላ ትፈልገዋለች። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ይሰብሰቡ። ለዕይታ ግን ሰውየው እንደጻፈው ይቆይ። በስም ፊደል የሚቀልድ የለም።

ቤት ውስጥ ይነበባል፣ ደጅ አይነበብም

ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ። ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት። የተደራሽነት መመሪያዎች (ማየት ለሚቸግረው ሰው ጭምር እንዲመች የወጡ) ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃሉ። አጥቁሩት፣ አለቀ።

«ስህተት ተፈጥሯል» ይልና ይቆማል

ምን ስህተት? ማን ጋ? ፎርሜ በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ ነበር የሚቀበለው። በ07 የሚጀምረውም፣ በ+251 የጻፈውም ይመለሳል፣ ለምን እንደተመለሰ ግን አይነገረውም። መጀመሪያ ሁሉንም አጻጻፍ ተቀበሉና ውስጥ አስተካክሉት። መመለስ ግድ ከሆነ ከነምክንያቱ ይሁን፦ «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል»።

ሦስቱን መስመር ማንም አይነካም

ማውጫው ጥግ ላይ ባሉ ሦስት መስመሮች ሥር ተደብቆ ነበር። አንድ ጎልማሳ ምን እንደሚመስላቸው ስጠይቃቸው «እርከን» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ማውጫ» ተብሎ በፊደል ተጽፏል።

እነዚህን ሁሉ ያገኘሁት ብዙ ሰው አስቸግሬ አይደለም። ኒልሰን አምስት ሰው አብዛኛውን ችግር ያሳያችኋል ይላል፣ እኔም ከአምስተኛው በኋላ አዲስ ነገር እያነሰብኝ ሄደ። በገበያ ቀን ተቀመጡ፣ አንድ ሥራ ስጡ፣ ዝም በሉ። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። ሰውዬው ሲሳሳት እጃችሁ ራሱ ወደ ስልኩ ይሄዳል። እኔ እጄ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ሜሴጁ ተቆራርጦ ይገባል

የመጨረሻው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ሜሴጅ 160 ምልክት ይይዛል፣ በእኛ ፊደል 70 ብቻ። ሰላምታና ምስጋና ሲታከልበት ሁለትና ሦስት ይሆናል፣ ሁለተኛው አንዳንዴ ቀድሞ ይገባል። አሁን የምልከው ይህን ነው፦ «ሐሙስ ግንቦት 14 ጠዋት 3 ሰዓት ዘርዎን ከመጋዘን ይውሰዱ። መታወቂያ ይያዙ።» ክፍት ቦታውን ጨምሮ ሃምሳ አይሞላም።

የመሐል ሜዳው አባት ይህ ሜሴጅ ደርሷቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበሩ። የመጋዘኑ ሰው አራት ሰዓት ላይ መጣ። ለእሱ አፕ አልሠራሁለትም።