ዓድዋን ሐረር ላይ ለሚቀርጹ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካቲት ሲቃረብ የሐረርና የድሬዳዋ ወጣቶች የፊልም ድርሰት ይዘው ይመጡብኛል። ታሪክ አስተማሪ ነበርኩና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልን» ይሉኛል። ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጡም።

ሠራዊቱን ጦርና ጎራዴ ብቻ ማስያዝ። ከሁሉም ይህ ይብስብኛል፤ ምስጋና መስሎ የሚመጣ ስድብ ነው። ጦርና ጎራዴ የያዙ አልጠፉም፤ ነገር ግን የሠራዊቱ አብዛኛው ክፍል ጠመንጃ የታጠቀ ነበር፤ መድፍም ነበረው። ያ ጠመንጃ ከሰማይ አልወረደም። ለዓመታት ከባሕር ዳርቻ፣ ከዘይላና ከጅቡቲ፣ በግመል እየተጫነ ሲገባ ብዙው ያለፈው በዚሁ በሐረር በኩል ነው። አንዱ ልጅ «ታዲያ ግመል ምኑ ይቀረጻል?» አለኝ። ሌሊት የጭነቱ ገመድ ሲፈታ፣ ሣጥኑ ሲከፈት፣ ጥይት በኩራዝ ሲቆጠር አይቀረጽም? የፊልሙ መክፈቻ ደጃችን ላይ ተቀምጦ ሌላ ቦታ ይፈልጉታል።

ሥዕሉን መገልበጥ። በቤተ ክርስቲያን ወግ በተሣሉት የዓድዋ ሥዕሎች የእኛ ሰዎች በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ አለ፤ ሁለቱ ጦር እንደ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሟል። ለሥዕል ያምራል። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነው ግን ሌላ ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲዬሪ ጦሩን ከፋፍሎ በሌሊት አስጓዘ፤ የጄኔራሉ የአልቤርቶኔ ብርጌድ በካርታው ላይ በተሳሳተ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ስም ምክንያት ከሌሎቹ ርቆ ወጣ፤ ብርጌዶቹም በተራሮቹ መካከል ተነጣጥለው ተመቱ። አንድ ሜዳ ላይ መቶ ልጅ አሰልፎ ማስሮጥ ይህን አያሳይም። ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዘጋቢ ፊልሙ ሥዕሎቹን በሥዕልነታቸው አቆይቶ ከአዛውንት ቃልና ከዜማ ጋር አዋደዳቸው።

ጠላቱን ሁሉ ነጭ ማድረግ። አምና ከከተማው ወጣ ብለው ሲቀርጹ አንዱን ልጅ ጣሊያን ለማድረግ ፊቱን ዱቄት ቀቡት። እኩለ ቀን ላይ ዱቄቱ በላቡ ቦክቶ አገጩ ላይ ሊጥ ሆነ። ሳቅን፤ ነገሩ ግን አያስቅም። ከጣሊያን ጎን ከኤርትራ የተመለመሉ በሺህ የሚቆጠሩ አስካሪዎች ተዋግተዋል፤ የአልቤርቶኔ ብርጌድ አብዛኛው እነርሱ ነበሩ። ከተማረኩት መካከል ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይህን የሚያህል ነገር ትቶ ዱቄት መቀባት ምን ይባላል?

ባቡር። ዘማቾች ከድሬዳዋ በባቡር ሲሳፈሩ! ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በ1895 ነው። ሰረዝኩት።

ባሕር ዛፍና ለምለም መስክ። የካቲት በጋ ነው፤ ምድሩ ደርቆ አቧራው ይነሣል። ክረምት ላይ ቀርጾ ዓድዋ ማለት አይሆንም። ባሕር ዛፍም ገና አዲስ አበባ ላይ መተከል የጀመረበት ዘመን ነበር።

የሐረሩን ገዥ የራስ መኮንንን ጦር በኋላ ዘመን ለመኪና በተከፈተው በር ማስወጣት። የሐረር ግንብ ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ከእነዚያ ይመረጥ። ራስ መኮንንን ከምኒልክ ኋላ ቆሞ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ከዓድዋ በፊት አምባላጌ ላይ ኅዳር 28 ቀን 1888 የዘመተው ጦር አዛዥ እርሳቸው ነበሩ።

ጨለንቆን መዝለል። እዚህ ላይ ጸሐፊዎቹ ይቆጡኛል። የምኒልክ ጦር የሐረሩን ገዥ የአሚር አብዱላሂን ሠራዊት ጨለንቆ ላይ ያሸነፈው በ1879 ነው፤ መኮንን ሐረርን ማስተዳደር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከተማው ሁሉ በአንድ ልብ እልል ብሎ ሸኘ ብሎ መጻፍ ይከብደኛል። ዘንድሮ አንዲት ተማሪ ባመጣችው ድርሰት፣ ጦሩ ሲወጣ ባሏ ጨለንቆ የቀረባት አሮጊት በሩ ሥር ቆማ፣ እልልታውን እየሰማች፣ የሻሿን ጫፍ ብቻ ትጠመዝዛለች። ያንን ገጽ ሳልነካ መለስኩላት።