ሁለት ስታንዳርድ ላይብረሪ ሲጋጭባችሁ

ዲ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ወዲያው ወደድኩት። ብዙም ሳልቆይ አንድ የኔትወርክ ላይብረሪ አውርጄ ከራሴ ኮድ ጋር ላገናኘው ስል እምቢ አለ። የእኔ ኮድ የተጻፈው በፎቦስ ነበር፤ ላይብረሪው ደግሞ በታንጎ። ፎቦስ ከኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚተረጉመው ፕሮግራም) ጋር አብሮ የሚመጣው ስታንዳርድ ላይብረሪ፣ ማለትም የቋንቋው መሠረታዊ የኮድ ስብስብ ነው። ታንጎ ደግሞ በእሱ ፈንታ ተጠቃሚዎች ተሰባስበው የሠሩት ነው። አንዱን ከመረጣችሁ ሌላው አይገባም። ሳምንት ሙሉ «የቱ ይሻላል?» የሚለውን ክርክር ሳነብ ከረምኩ። አንድም መስመር ኮድ አልጻፍኩም።

ክርክሩን ተዉትና የተጋጩት ምን ላይ እንደሆነ ፈልጉ። መፍትሔው የሚወሰነው በዚያ ነው።

ስም ላይ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ኦካምል በሚባለው ቋንቋ ውስጥ ኮር የሚባለውን አማራጭ ስታንዳርድ ላይብረሪ ከፋይሉ አናት ላይ ከከፈታችሁት፣ የለመዳችሁት የሊስት ሞጁል በኮር ሊስት ይተካል። የእኩል ምልክቱ ሳይቀር ኢንቲጀር ብቻ የሚያወዳድር ይሆናል። ነባር ኮድ ላይ እንዲህ አትክፈቱት፤ የምትፈልጉትን ሞጁል ብቻ በሙሉ ስሙ ጥሩት።

ታይፕ (የዳታ ዓይነት) ላይ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ። ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ ጂሲሲ ከሚባለው ኮምፓይለር ጋር የሚመጣው ላይብረሪም የኤልኤልቪኤም ፕሮጀክት የሠራው ሊብሲ ፕላስ ፕላስም ስትሪንግ የሚባል የጽሑፍ ታይፕ አላቸው። ሜሞሪ ላይ የሚቀመጥበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ሊንከሩ (ኮምፓይል የተደረጉትን ክፍሎች የሚያገናኘው ፕሮግራም) «አልተገኘም» እያለ ሲያስቸግራችሁ ስሙን በደንብ እዩት። ከኤስቲዲ (std) ቀጥሎ ሁለት አንደርስኮርና 1 ካለበት፣ ያን ስም የሚፈልገው ክፍል ኮምፓይል የተደረገው በሊብሲ ፕላስ ፕላስ ነው። የሚሻለው ሁሉንም በአንዱ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው። የአንዱ ሶርስ ኮድ ከሌላችሁ ሁለቱ የሚገናኙበትን ድንበር በሲ ቋንቋ አበጁ። ስትሪንግ አታሳልፉ፤ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) እና ርዝመት አሳልፉ። ኤክሴፕሽንም (ኮዱ ስህተት ሲገጥመው የሚወረውረው ምልክት) ድንበሩን አይሻገር። ሜሞሪውን ደግሞ መጀመሪያ የመደበው ወገን ራሱ ይልቀቀው። ይቺን የመጨረሻዋን ረስቼ፣ ፕሮግራሜ ለምን እንደሚወድቅ ስፈልግ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።

ከሁሉም የሚከፋው ራንታይም ላይ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሮጥ ከሥር በሚደግፈው ኮድ ላይ ሲጋጩ ነው። የዲ ችግር ይህ ነበር። ፎቦስም ታንጎም የየራሳቸው ጋርቤጅ ኮሌክተር (የማያስፈልግ ሜሞሪ የሚያጸዳ) እና የትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) አያያዝ ነበራቸው። አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱ አብረው አይኖሩም። ፎቦስን በታንጎ ላይ የሚያስኬድ ታንጎቦስ የሚባል መሸጋገሪያ ተሠራ፤ እኔንም ያኔ ያወጣኝ እሱ ነው። እውነተኛው መፍትሔ የመጣው ግን በቋንቋው ሁለተኛ ቨርዥን፣ በዲ 2 ነው። የታንጎን ራንታይም መነሻ አድርጎ ድራንታይም የሚባል የጋራ መሠረት ወጣ፤ ፎቦስም በእሱ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ላይብረሪም በዚያው መሠረት ላይ መቆም ቻለ። ያኔ የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

ዛሬ ይህንኑ ረስት በሚባለው ቋንቋ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሥራዎችን ጎን ለጎን የሚያስኬደውን የቶኪዮ ላይብረሪ ሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት) ከቶኪዮ ራንታይም ውጪ ስትጠሩት «ሪአክተር የለም» ብሎ ይወድቃል። ቶኪዮ ዩቲል በሚባለው አጋዥ ላይብረሪ ውስጥ ያለው ኮምፓት የሚባል መሸጋገሪያ የንባብና የጽሕፈት ትሬቶቹን (ላይብረሪዎች የሚስማሙባቸውን የአጠራር ውሎች) ያስማማል እንጂ ራንታይሙን አያስነሳላችሁም። እሱን ራሳችሁ ማስነሳት አለባችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

የላይብረሪ ጸሐፊ ከሆናችሁ ደግሞ እባካችሁ ለተጠቃሚው ራንታይም አትምረጡለት። ፕሮቶኮሉን የሚተነትነው ኮድ ባይት ተቀብሎ ባይት ይመልስ። ሶኬቱን ጠሪው ይክፈት። እ.ኤ.አ. በ2025 አሲንክ ስታንዳርድ የሚባለው የረስት ራንታይም ላይብረሪ ሥራው ቆሞ ተጠቃሚዎቹን ስሞል ወደሚባለው ሌላ ላይብረሪ ሲመራ፣ እንዲህ አድርጌ በጻፍኩት ላይብረሪ ውስጥ የቀየርኩት አንድ ፋይል ብቻ ነው።

ለላይብረሪው ባለቤቶች ስትጽፉም የትኛው እንደሚያምር አትንገሯቸው። ግጭቱን የሚያሳይ ሃያ መስመር የማይሞላ ፕሮግራም፣ የኮምፓይለሩን ቨርዥንና የሊንከሩን መልእክት እንዳለ ላኩላቸው።