«ሻርኩን ዘለለ» ስንል የምንሳሳታቸው

አሜሪካኖች የሚወዱት ተከታታይ ድራማ መበላሸት ሲጀምር «ሻርኩን ዘለለ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ቀላቅለን የምናወራ ሰዎችም እንወረውረዋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ቦታው።

መጀመሪያ ዓሣውን እናስተካክል። ሻርክን «ዓሣ ነባሪ» የሚለው አለ። ዓሣ ነባሪ ሌላ ፍጡር ነው፤ ዓሣም አይደለም። «ሻርክ» ብለን እንለፍ።

ትልቁ ስህተት የማንወደውን ሁሉ «ሻርኩን ዘለለ» ማለት ነው። ነገሩ የመጣው «ሃፒ ዴይስ» ከተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977፣ በአምስተኛው ሲዝን መጀመሪያ ላይ፣ ፎንዚ የተባለው ገጸ ባሕርይ በውሃ ስኪ (በጀልባ እየተጎተቱ ውሃ ላይ መንሸራተት) እየተንሸራተተ ሻርክ ይዘላል። ያውም የቆዳ ጃኬቱን እንደለበሰ! (ተዋናዩ ሄንሪ ዊንክለር ውሃ ስኪ የምር ይችል ነበር።) ፎንዚ የአሜሪካዋ ከተማ የሚልዋኪ አራዳ ነው፤ ድራማው የቤተሰብና የጓደኛ ጨዋታ ነው። ባሕርና ሻርክ ምን ቤት ናቸው? ነጥቡ እዚህ ላይ ነው፦ ጥሩ የነበረ ሥራ ተመልካች ለመያዝ ብሎ ከራሱ ጠባይ ሲወጣ። ከመጀመሪያውም የማይረባ ድራማ ሻርክ አይዘልም። ከየት ተነስቶ?

«ተንዛዛ» ብሎ መተርጎምም አያስኬድም። መንዛዛት ወጥ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ቀስ እያለ ይቀጥናል። ሻርኩ ግን በጣት የምትጠቁመው አንድ ክፍል አለው። «ሞቶ የተቀበረው ሰውዬ መንታ ወንድም አለው የተባለ ዕለት» ትላለህ፤ አብሮህ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

መበላሸትና ማለቅም ለየቅል ናቸው። ያንን የሻርክ ክፍል ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል፤ ድራማውም እስከ 1984 ቀጥሏል። የክፍሉ ደራሲ ፍሬድ ፎክስ ጁኒየር ከዓመታት በኋላ ይህንኑ በጋዜጣ ጽፎ ተከራክሯል። እውነቱን ነው።

አባባሉም ከድራማው ጋር አብሮ አልተወለደም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ቴሌቪዥን ሲጨዋወቱ ያወጡት ነው። ከመሃላቸው ጆን ሃይን በ1997 ድረ ገጽ ከፈተለት፤ ከዚያ ተዛመተ።

ደግሞ የሚዘለው ድራማው እንጂ ተመልካቹ አይደለም። «ሰለቸኝ» ለማለት ፈልጎ «እኔ እንኳን ሻርኩን ዘልያለሁ» ያለኝ ወዳጅ አለኝ። «ጃኬትህስ?» እያልኩ እስከ ዛሬ እቀልድበታለሁ።