ባል ኡበር ይነዳል፣ ሚስት አዳማ ትጠብቃለች፤ የስፖንሰር ገቢ ሲያንስ

ለአሜሪካ የትዳር ቪዛ የጋብቻ ማስረጃው ተሟልቷል፣ የፖሊስ ወረቀቱም ወጥቷል እንበል። እሱን አልነካውም። ፍራንኮ አካባቢ የሰው ፋይል ሳዘጋጅ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ሌላ ነው፦ አሜሪካ ያለው ስፖንሰር (በገቢው ዋስ የሚሆነው ባል) ደሞዝተኛ ሳይሆን የግል ሠራተኛ ሲሆን።

ምልክቱ፦ ከኢንተርቪው 221 ጂ የሚባለውን ወረቀት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። የስፖንሰር ገቢ አይበቃም፣ ተጨማሪ ስፖንሰር አምጡ ይላል። ባል በስልክ ይጮኻል፦ «በዓመት 52 ሺህ ዶላር አስገብቼ?»

ምክንያቱ፦ 52 ሺህ ያስገባው መኪናው ነው። የግል ሠራተኛ ሥራውን የሚያሳውቀው ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ነው። ከላይ የገባው፣ ከታች ከወጪ የተረፈው። ፎርም 1040 በሚባለው የዓመት ታክስ ቅጽ ላይ ወደ «ቶታል ኢንካም» (ጠቅላላ ገቢ) የሚሄደው የተረፈው ብቻ ነው። ስፖንሰሩ በሚፈርመው የዋስትና ቅጽ፣ አይ 864 ላይም የሚጻፈው ያ የ«ቶታል ኢንካም» ቁጥር ነው።

ሹፌሮችን የሚጥላቸው ማይል ነው። በ2024 ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 67 ሴንት ከገቢ ይቀነስ ነበር። 50,000 ማይል የነዳ ሰው 33,500 ዶላር ቀነሰ ማለት ነው። ከ52 ሺው 18,500 ቀረው። በ2025 ለባልና ሚስት የሚጠየቀው ትንሹ የዓመት ገቢ ደግሞ 26,437 ዶላር ነበር።

አንዲት እህት የባንክ ወረቀት በፌስታል ተሸክማ መጣች። ባል ትልቁን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ አክብቦላታል። የታክስ ትራንስክሪፕቱን (ታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠውን የመዝገብ ግልባጭ) አስልኬ ሳየው የተረፈው 9 ሺህ አይሞላም። ደወልኩለት። «ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ምንም አላስከፈለኝም» አለኝ። ወንድሜ፣ ያ ጎበዝ ነው ሚስትህን አዳማ ያስቀረብህ!

መፍትሄው፦ ተጨማሪ ስፖንሰር። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ አሜሪካ የሚኖር። ዘመድ መሆን የለበትም። ግን ቤተሰቡን ቁጠሩ! አንድ አጎት 50 ሺህ አለኝ ብሎ ፈረመ። እሱ፣ ሚስቱ፣ አራት ልጆቹና አመልካቿ ሰባት ሆኑ። በ2025 ለሰባት ሰው የሚያስፈልገው 60,812 ነበር፤ አልበቃም። ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ የተመላለሰችው አመልካቿ ናት።

ባል ከወንድሙ ጋር አንድ ቤት የሚኖር ከሆነ የወንድሙ ገቢ፣ አብሮ የሚኖር ዘመድ በሚፈርመው ቅጽ በአይ 864 ኤ ሊደመር ይችላል። ዘንድሮ ሥራው ከተሻሻለ የዚህን ዓመት ገቢና ወጪ በወር በወር ጽፎ ከባንክ ወረቀት ጋር ያያይዝ። 1040ውን ከነስኬጁል ሲ ሙሉውን ላኩ፤ የፊት ገጹን ብቻ የምትልኩ ሰዎች አሰልችታችሁኛል።

ትልቁን ቁጥር አይ 864 ላይ አትጻፉ። ትራንስክሪፕቱ ጎኑ ተቀምጦ እያሳበቀ ነው። ገቢ ማነስ በሌላ ስፖንሰር ይሞላል፣ ውሸት ግን አይሞላም።

ደብሊው ቱ የለኝም ብሎ የሚጨነቅም አለ። ደብሊው ቱ አሠሪ ለተቀጣሪ የሚሰጠው የደሞዝ ወረቀት ነው፣ ተዉት።

«ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ ታክስ አላስገባሁም» የሚል ካለ፣ የግል ሠራተኛ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ ማስገባት አለበት። መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።

አዳማ ያለው ሱቅሽ ገቢ አይቆጠርም፤ ስትሄጂ ይቆማላ።

221 ጂ ከተሰጣችሁ ቀን ጀምሮ የጎደለውን ለማቅረብ አንድ ዓመት አላችሁ። ወረቀቱን አትጣሉ፣ ፎቶም አንሱት። ባጃጅ ውስጥ ረስታው የወረደች አውቃለሁ።