ሴራሚኩ አዲስ፣ ውሃው ታች ቤት፦ የመታጠቢያ ቤት ችግርና መፍትሄ

የኮንዶሚኒየሜን መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ያነጠፍኩት ራሴ ነኝ። የመጀመሪያዬ ነበር። በሦስተኛው ወር የታችኛዋ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ ጣሪያዬን አልቦታል» አሉኝ። ወለሉን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ውሃ የሚያግደው ሴራሚኩ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሥራ ነው። ምልክቱ ከላይ ይታያል፣ ምክንያቱን ግን ከሥር ፈልጉት።

ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክ

በሳንቲም መታ መታ አድርጉት። በደንብ የተያዘው ድፍን ድምፅ አለው፤ ያልተያዘው እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል። አንዱን ነቅዬ ጀርባውን ሳየው አራቱ ማዕዘንና መሃሉ ላይ አምስት የሲሚንቶ ጉብታ ብቻ ነበር። በመካከላቸው ያለው ቦታ ምንም አልነካውም። እዚያ ክፍተት ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ ከባድ ዕቃ ሲወድቅበትም ሴራሚኩ ይሰነጠቃል።

ባዶውን ንቀሉ፤ አሮጌውን ሲሚንቶ በመሮ አንሱ። ማጣበቂያውን ባለ ጥርስ በሆነው ብረት ወለሉን ሞልታችሁ አልብሱ፣ የሴራሚኩንም ጀርባ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ አንዱን ወዲያው አንስታችሁ ጀርባውን እዩት። ያልተነካ ቦታ ካለ ማጣበቂያው አንሷል ማለት ነው።

ፖርስሊን ከሆነ በተራ ሲሚንቶና አሸዋ አትሞክሩት። ውሃ እምብዛም ስለማይመጥ በደንብ አይይዝም። የሴራሚክ ማጣበቂያ ግዙለት።

መጋጠሚያው ይፈረፈራል

በሴራሚኮቹ መሃል የሚሞላው ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ ሲበጠበጥ ውሃ በዝቶበት ነው። ፍቃችሁ አውጡና እንደ ጥርስ ሳሙና ወፈር አድርጋችሁ ሙሉት። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ ላይ ግን ሲሊኮን ይሻላል። ሁለቱ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል።

ውሃ ጥግ ላይ ይተኛል

ወለሉ ወደ መውረጃው አላዘነበለም። በአንድ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከላይ የሚጨመር ምንም ነገር አያስተካክለውም፤ ያ ቦታ ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል። በመጥረጊያ የምትገፋ ትንሽ ውሃ ከሆነች ግን እኔ ብሆን አላፈርስም።

የታችኛው ቤት ጣሪያ ይረጥባል

ቸኩላችሁ አታፍርሱ። መጀመሪያ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሳያፈስ ቆጣሪው ከዞረ ችግሩ ንጹሕ ውሃ በሚያመጣው ቱቦ ላይ ነው። ካልዞረ መውረጃውን በጨርቅ ጠቅጥቃችሁ ወለሉ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ አቁሙ። ውሃው እንደቆመ ታች ከረጠበ ወለሉ ነው። መውረጃው ሲከፈት ብቻ ከረጠበ ደግሞ የፍሳሽ ቱቦው መጋጠሚያ ነው።

የኔ ወለሉ ነበር። ከሴራሚኩ በታች ውሃ መከላከያ አልቀባሁም፤ የሴራሚኩ መጋጠሚያ ይበቃል ብዬ ነበር። አይበቃም፣ ውሃ ያሳልፋል። ሁለተኛው ዙር ላይ መከላከያውን ሁለት ጊዜ ቀባሁ፣ የኋለኛውን የፊተኛውን በሚያቋርጥ አቅጣጫ። ግድግዳውንም 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሻወሩ ያለበትን ደግሞ እስከ ራሴ ቁመት አስወጣሁት። ጥጎቹና የመውረጃው ዙሪያ ላይ መረብ ጨርቅ አስገባሁ፤ ውሃ የሚያልፈው በብዛት እዚያ ነው።

ሲደርቅ ውሃ አቁሜ ልኩን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመርኩና 24 ሰዓት ጠበቅኩ። በማግስቱ ታች ወርጄ ጣሪያውን በእጄ ዳሰስኩት። አዲስ እርጥበት የለም። ሴራሚክ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የጎረቤታችሁን ጣሪያ ለመቀባት ግን አትጣደፉ። የራሰ ኮንክሪት ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ያብጥና ይላጣል። እኔ የቀባሁላቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው።